ዳይሱን ማን ያንብብ

እሑድ፣ ከምሳ በኋላ

እማማ ዛሬ ጠቅልለው መጡ። ጠቅልለው ስል አንድ ሻንጣ፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ የሉዶ ሰሌዳ ይዘው ማለቴ ነው። የቤታቸው ጣሪያ ዝናቡን አልችል ብሏል፤ እስኪጠገን ከኛ ጋር ሊከርሙ ነው። ባለቤቴ ሻንጣቸውን ሊቀበላቸው እጁን ሲዘረጋ ሰሌዳውን ብቻ ሰጡትና ይሄንን ጠብቅልኝ፣ ሌላው ጨርቅ ነው አሉት። ልብስ ሰፊ ምራት ፊት እንዲህ ይባላል? ትንሽ ከነከነኝ፤ ግን አማት ናቸው፣ ገና እግራቸው መግባቱ ነው፣ ዋጥ አደረግኩት።

ሰሌዳው የእንጨት ነው። የሞቱት አማቴ አናጢ ስለነበሩ በእጃቸው ነው የሠሩት። ጠርዙ ብዙ እጅ ስላሻሸው እንደ ሳሙና ለስልሷል። ባለቤቴ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲዳብሰው ቆየ። የደከመ ፊቱ ሲፈታ አየሁ። ሰሞኑን በጣም ደክሟል። ዝናብ ላይ አውቶቡስ መንዳት ቀላል አይደለም።

ማክሰኞ

በዚህ ቤት ከእሑድ ወዲህ ሁለት ቋንቋ ይነገራል።

ባለቤቴ ሾፌር ስለሆነ የኛ ቤት ሉዶ የመኪና ሉዶ ነው። ስድስት ወጥቶ ጠጠር ከቤት ሲነሣ "ሞተር ተነሣ" ይባላል። ማንም የማይበላሽ ካሬ ፌርማታ ነው። ዞሮ ዞሮ መሀል የገባ ጠጠር ጋራዥ ገባ። እማማ ይህን ሲሰሙ ባቄላ ሲያኝኩ ጠጠር የነከሱ መሰሉ። በእሳቸው አፍ ስድስት ሲወጣ በር ተከፈተ ነው፤ ፌርማታ የምንለው ጥላ ነው። ተበላ የሚባል ነገር ደግሞ ጭራሽ አይወዱም፤ ሰው እየበሉ ጨዋታ አለ ወይ ይላሉ። በእሳቸው ቋንቋ የተበላ ጠጠር ወደ እናቱ ተላከ። መግቢያው ላይ ደርሶ ልክ የሆነውን ቁጥር የሚጠብቅ ጠጠር ደግሞ ደጅ እየጠና ነው። ይቺኛዋን ወደድኳት። የኔን ደንበኞች መሰለችኝ፣ ልብሱ አልደረሰም እያልኳቸው በር ላይ የሚቆሙትን።

ልጃችን ክርክሩን ፈረደች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከትንሽነቷ ጀምሮ ሕግ ማውጣት ስለምትወድ ዳኛዋ ነው የምንላት። ሁሉም በገዛ ቃሉ ይጫወት፣ ብቻ ቃሉን ሳይናገር ጠጠሩን አይንካ አለች። በአንድ ነገር ግን እማማና ልጃቸው ሳይነጋገሩ ተስማሙ፤ አንድ ካሬ ላይ አብረው የቆሙ ሁለት ጠጠሮች "ባልና ሚስት" ናቸው፣ ማንም አያልፋቸውም። ባለቤቴ ይህን ሲል እኔን አየኝ። ዳኛዋ "ጨዋታው ላይ፣ አባባ" አለችው።

አሸነፍኩ። ባለቤቴ ሁለቴ አራቱን አምስት ብሎ አነበበ። እማማ ከልጅነቱ ጀምሮ አጭበርባሪ ነው ብለው ተረኩበት፤ እሱም አልካደም፣ ሳቀ።

ሐሙስ

የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትዕዛዝ ገባ። እጄ በሥራ ተጠመደ። መጻፊያ ጊዜ የለም። የሳሎኑን አምፖል ቀየርኩት። ደንግዞ ነበር።

ቅዳሜ

አዲሱ አምፖል ዓይን ይወጋል አሉ እማማ። ይውጋ።

ዛሬ የባለቤቴን ጠጠሮች በቀይ ክር ጠመጠምኳቸው። ሰማያዊዎቹ የእሱ፣ አረንጓዴዎቹ የኔ ናቸው፤ ቀለማቸው ስለደበዘዘ ትናንት የኔን አንሥቶ ሦስት ካሬ ሄደበት። ክሩ ሲዳሰስ ይታወቃል። ዳኛዋ ለምንድን ነው የጠመጠምሽው ስትለኝ እንዲያምር ነው አልኳት። ያምራልም። እማማ አንዱን አንሥተው አገላብጠው አዩትና ቦታው መለሱት። ስለ ስፌቴ ምንም ሳይተቹ ሲቀሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ሰኞ

ትናንት ከጨዋታው መሀል ባለቤቴ ቀና ብሎ "ያቺኛዋ ተበልታለች አይደል?" አለ። አልተበላችም። በግራ በኩል፣ ጉልበቱ አጠገብ፣ ፌርማታ ላይ ቆማለች።

ከዚያ ዳኛዋ አዲስ ሕግ አወጣች። ከዛሬ ጀምሮ ዳይሱን የወረወረ ሰው ራሱ አያነብም፤ በቀኙ የተቀመጠ ነው የሚያነብለት። ማጭበርበር በዛ አለች፣ አባቷን ሳታይ። እማማ ወዲያው ተስማሙ። ከመጡ ጀምሮ ያለ ክርክር የተቀበሉት ሌላ ሕግ የለም። በባለቤቴ ቀኝ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ስለዚህ እኔ አነብለታለሁ። "ሦስት ነው። ያቺ በግራህ ያለችው ብትሄድ ይሻላል።" እሱም "አማካሪ ቀጠርኩ ማለት ነው" ብሎ ይስቃል።

ጥሩ ሕግ ነው። ጨዋታው ፈጠን ብሏል።

ረቡዕ

ትከሻው ላይ የበለዘ ቦታ አየሁ። የበሩ መቃን ነው አለኝ፣ እማማ ከመጡ ቤቱ ጠቧል። የዓይን ሐኪም ጋ ብቅ ብትል ምናለ አልኩት፣ እንደ ቀልድ። መነጽር ሊያስደርጉኝ ነው፣ ተሳፋሪ መነጽር ያደረገ ሾፌር ሲያይ ይወርዳል አለ። ክረምቱ ይውጣና እሄዳለሁ አለ። እሺ አልኩት።

ለምን እሺ አልኩት? እሺ ማለት ለምዶብኝ ነው።

ዓርብ

ውሃ ልቀዳ ወደ ኩሽና ስገባ እማማ ለዳኛዋ በሹክሹክታ "አያትሽም መጀመሪያ በጎን በጎን ነበር የጠፋበት" ሲሉ ሰማሁ። ምንድን ነው የጠፋው ብዬ ጠየቅኩ። እማማ ሽንኩርቱ አሉ። ሽንኩርቱ ፊታቸው ተቀምጦ ነበር።

እሑድ ማታ

ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ካልጻፍኩት ነገ ያልሰማሁ መስዬ እነሣለሁ፤ ራሴን አውቃለሁ።

ቲኬት ቆራጩ መጣ። ከባለቤቴ ጋር አንድ አውቶቡስ ላይ የሚሠራው ወጣት ነው፤ የጃኬቱን ዚፕ እየቀየርኩለት ነበር። እማማ ሰው ከተገኘ አይለቁም፣ አንድ ዙር ተጫወት ብለው አስቀመጡት። ባለቤቴ ወረወረ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ልጁ ቀደመኝና "አምስት ነው ጋሼ፤ በግራ ሰው አለ፣ ቀስ" አለው።

በግራ የነበረችው የኔ ጠጠር ናት። መጀመሪያ ሁላችንም ሳቅን፤ ጠጠርን ሰው ያለ እሱ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ከያንዳንዳችን ወረደ። ባለቤቴ ብቻ ነበር ፈገግታው ፊቱ ላይ የቀረ፤ ያንን ፈገግታ የት እንደሚያስቀምጠው ያጣ ይመስል ነበር።

ጃኬቱን ይዤ እስከ ውጭ በር ሸኘሁት። መንገድ ላይም እንደዚህ ትለዋለህ ወይ አልኩት። ልጁ ጫማውን አየ። ዝናቡ ከገባ ጀምሮ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ ከፊት፣ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነው የሚውለው። ሰው ሲሻገር፣ ብስክሌት በጎን ሲመጣ እሱ ይናገራል፣ ባለቤቴ ፍሬን ይይዛል። "እኔ ለማንም አልናገርም እትዬ፤ ጋሼ እኮ አባቴ ማለት ነው" አለኝ። ይህን ያለኝ ሊያጽናናኝ ነው። ከዚያ የባሰውን ነገረኝ፤ ከሚመጣው ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እሱ ወደ ሌላ መስመር ይዛወራል። በእሱ ቦታ የሚመጣው አዲስ ልጅ ዓይኑን ከስልኩ የማያነሣ ነው።

ስመለስ ጨዋታው ቀጥሏል። ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ወረወረ፣ ዞር አለልኝ። "ሁለት ነው" አልኩት።

እኔ የማነብለት ዳይስ ነው። ዳይስ ላይ የተሳሳተ ወደ እናቱ ይላካል፣ ስድስት ሲያወጣ ደግሞ እንደ አዲስ ይነሣል። መንገድ ላይ ግን የተመታ ሰው አይነሣም። ይህን ለመረዳት ይህን ሁሉ ቀን ምን ይዞኝ ነበር? አምፖል ስቀይር፣ ክር ስጠመጥም፣ ከማን ጋር ነበር ድብብቆሽ የምጫወተው?

ማክሰኞ

ዛሬ እነግረዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ኋላ

አልነገርኩትም። ጉንፋን ይዞታል።

ረቡዕ

ዩኒፎርሙን ለማድረስ ወጣሁ። ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው። ሲመሽ የእሱን አውቶቡስ ጠብቄ በኋለኛው በር ገባሁ፣ ነጠላዬን ወደ ፊት ስቤ ከአንድ ወፍራም ሰውዬ ኋላ ቆምኩ። ባሌን ሥራው ላይ አይቼው አላውቅም ማለት ይቻላል። እንዴት ያምርበታል። ሽማግሌ ሲወርድ ሳይቸኩል ይጠብቃል፤ ሲነሣ ሰው እንዳይንገዳገድ እንደ ሕፃን አልጋ ነው የሚያንቀሳቅሰው።

ዝናቡ በረታ። ገበያው ጋ ስንደርስ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ፣ ጃንጥላዋን ፊቷ ላይ ደፍታ ከግራ ወደ መንገዱ ገባች። እኔ ከኋላ ሆኜ አየኋት። እሱ አላያትም። ቲኬት ቆራጩ የበሩን ብረት በመዳፉ ደበደበው። ፍሬኑ ጮኸ፣ ወፍራሙ ሰውዬ እኔ ላይ ወደቀ፣ ተሳፋሪው ተንጫጫ። ሴትዮዋ እንኳን ቀናም አላለች፤ ያዘለችውን ከፍ አድርጋ አስተካክላ ተሻገረች። ባለቤቴ ይቅርታ፣ ይቅርታ አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። የሸሚዙ አንገት በላብ ርሷል። እኔ የሰፋሁት ሸሚዝ ነው።

በሚቀጥለው ፌርማታ ወርጄ በእግሬ መጣሁ። ቤት ሲገባ እንዴት ዋልክ አልኩት። ሰላም ነበር አለ። አንቺስ አለኝ። ሰላም ነበር አልኩ።

ሐሙስ

እማማን ያዝኳቸው። ዳኛዋ ትምህርት ቤት ናት፣ እሱ ሥራ ላይ። ማሽኑን አቁሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩና እርስዎም ያውቃሉ አይደል አልኳቸው። አልካዱም። የመጡ ዕለት ነው ያወቁት፤ ሻንጣውን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ እጁ ከሻንጣው ጎን ነበር። ሰሌዳውን የሰጡት እጁ ባዶ እንዳይመለስ ነው።

አባትየውም እንዲሁ ነበሩ። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጠፋ፣ ከዚያ መሀሉ። "እኔ ዓይን ሆንኩት" አሉኝ እማማ። "መጋዙን አቀብለዋለሁ፣ መስመሩን እነግረዋለሁ፣ ሰው ሲመጣ በሳል ምልክት እሰጠዋለሁ። እስኪሞት ማንም አላወቀበትም። እስከዛሬ ያኮራኛል።" ከዚያ ጨመሩ፤ "ግን እሱ የሚሠራው ወንበር ነው። ወንበር ቢንጋደድ ማን ይሞታል።"

እንግዲያው ይንገሩት አልኳቸው፣ እናቱ ነዎት። ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ከጀመሩ ሁለቱም ሲላቀሱ ነገሩ ሳይነገር ይቀራል። "አንቺ ንገሪው ልጄ" አሉኝ። "ሲያነክስ ደግፈሽ ብቻ አይሆንም። አንዳንዴ ልቀቂውና መውደቁን ይወቀው።" ልጄ ሲሉኝ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ከዚያ የአልጋ ልብሱ ጥልፍ ተንጋዷል ብለው ወደ ነገራቸው ተመለሱ።

ቅዳሜ

ቃል እየፈለግኩ ነው። "ዓይንህ" ብዬ ጀምሬ እዚያው ላይ እቆማለሁ። ዳኛዋ አጠገቤ ቁልፍ እየተከለች "እማዬ፣ ሕጉን ያወጣሁት ማጭበርበር ስለበዛ አልነበረም" አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። "እንዳያፍር ብዬ ነው" አለች። ይህንንም አውቃለሁ አልኳት። ደህና አደረግኩ ወይ አለችኝ። ፀጉሯን ሳምኳት።

እሑድ

ሆነ። እንደሆነው ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ ሰሌዳው ተዘረጋ። እማማ አንድ ጠጠር ደጅ እያስጠኑ ነው፣ ዳኛዋ ሁለት ባልና ሚስት ሠርታ መንገዱን ዘግታለች። ባለቤቴ ወረወረ። ዳይሱ ከሰሌዳው ወጥቶ ተንከባለለና በግራ በኩል፣ ከጉልበቱ አንድ ስንዝር ቀርቶት ቆመ። ወደ እኔ ዞረ። እኔ ዝም አልኩ።

ትንሽ ጠበቀ። "ስንት ነው?" አለ።

ዝም አልኩ። እማማ ሊናገሩ ሲሉ እጄን ጉልበታቸው ላይ አደረግኩ፤ እጃቸውን ከላይ ደረቡበት። ዳኛዋ አቀርቅራለች። ባለቤቴ ሰሌዳውን ፈለገ፣ ከሰሌዳው በስተቀኝ ፈለገ፣ ምንጣፉን በእጁ ዳሰሰ። ዳይሱ ነጭ ነው፣ ምንጣፉ ቡናማ፤ አዲሱ አምፖል በቀን በርቷል። እጁ በአጠገቡ ሁለት ጊዜ አለፈ። እንደዚያ ሲፈልግ ማየት የቻልኩት ሴትዮዋን ስላየኋት ነው። ያችን ያዘለችውን።

"ረቡዕ ዕለት አውቶቡስህ ላይ ነበርኩ" አልኩት።

እጁ ቆመ። ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። "አላየኋትም" አለ። "እሷን ብቻ አይደለም። ከዝናቡ በፊት ጀምሮ ነው።" ከዚያ እንደ ልጅ ቆጠረልን፤ በግራ በኩል ጨለማ እንዳለ፣ ሲመሽ መንገዱ እንደ ቱቦ እንደሚጠብበት፣ ጠዋት ጠዋት ዛሬን ብቻ፣ ዛሬን ብቻ እያለ ቁልፉን እንደሚያነሣ። የጠጠሮቹ ክር ለምን እንደተጠመጠመ ያኔውኑ ገብቶታል። ሕጉም ገብቶታል። ሁላችን ስንደብቅለት እሱም መደበቃችንን ሲደብቅልን ነበር።

እማማ ተነሥተው አጠገቡ ተቀመጡና ጭንቅላቱን ወደ ደረታቸው ሳቡት። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ አልገባ አላቸው፣ እንደምንም አስገቡት። ዳኛዋ ደግሞ እግሩን ይዛ አለቀሰች። እኔ ቆሜ ነበር፤ መቆሜን ያወቅኩት እሱ ና ተቀመጪ ሲለኝ ነው። ና አለኝ፣ እንደ ወንድ። ተሳስቶ ነው ወይስ ሊያስቀኝ? ሳቅኩ፤ ከዚያ የኔም ለቅሶ መጣ።

ሰኞ

ጠዋት አብረን ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድን። በር ላይ ጠብቂኝ አለኝ፤ ይህቺን ብቻዬን አለ። የስምሪት ኃላፊው ድምፅ ከፍ ሲል ሰማሁ፣ ከዚያ ዝቅ ሲል፣ ከዚያ ምንም። ሲወጣ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ቁልፉ ይኖርበት የነበረው ኪስ። አዳዲስ ሾፌሮችን መስመር የሚያስጠና ሰው እንፈልግ ይሆናል ብለውታል፣ የሐኪም ወረቀት ካመጣ በኋላ። ይሆናል ነው ያሉት። አላመንኩም፤ ተስፋም አልቆረጥኩም።

ቲኬት ቆራጩ ግቢው ውስጥ አይቶን መጣ። ባለቤቴ አቀፈውና ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ነገረው። ልጁ ፊቱን ወደ አውቶቡሱ አዙሮ ቆየ።

ረቡዕ

የዓይን ሐኪም። የዓይን ግፊት ነው አለች፣ በዘር ይመጣል። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት ይሞከራል። ዳኛዋም እንድትታይ አዘዘች። ባለቤቴ ስለራሱ ሲነገረው ምንም አልሆነም፤ የልጁ ስም ሲነሣ ነው ፊቱ የተለወጠው። በጊዜ ከታየ መከላከል ይቻላል ስትለው ሦስት ጊዜ አስደገማት።

ስንወጣ ዝናቡ አባርቷል። ወደ ቤት በአውቶቡስ ተመለስን፣ በማናውቀው ሾፌር። እሱ መስኮቱ ጋ፣ እኔ ከጎኑ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ተጋብተን ይህን ሁሉ ዓመት ስንኖር አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን አናውቅም። ሁልጊዜ እሱ ከፊት ነው፣ እኔ ወይ ቤት ነኝ ወይ ከኋላ። ነገርኩት። አሰበና እውነት ነው አለ። "ወንበሩ ይመቻል ለካ" አለ።

ሾፌሩ ጎበዝ አይደለም። መታጠፊያ ላይ ይቸኩላል። መኪናው ፍሬን ሊይዝ ሲል የባለቤቴ ቀኝ እግር ወለሉን ይረግጣል፣ ፊቱ ግን ምንም እንዳልሆነ ነው። አንዴ ረገጠ፣ ሁለቴ ረገጠ። በሦስተኛው እግሬን ቀስ ብዬ ጫማው ላይ አሳረፍኩ። ወደ እኔ ዞረ፤ ሙሉ በሙሉ ነው የዞረው፣ አሁን እንዲያየኝ እንደዚያ መዞር አለበት።

"ያዝኩልህ" አልኩት።

እግሩ ከእግሬ ሥር ላላ። እስክንወርድ ድረስ እንደዚያው ቆየን።